ጠበል አይቆጠርም

ወንድሜን ሊጠይቁ የሚመጡት ማክሰኞና ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ሰበካ ጉባኤው ያቋቋመው የሕሙማን ጠያቂ ኮሚቴ። ያን ጊዜ ኮሚቴ የሌለው ነገር አልነበረም። የቦኖ ውኃው ኮሚቴ ነበረው፣ የኅብረት ሱቁ ኮሚቴ ነበረው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከዚህ አላመለጠም። ሰፈራችን ውስጥ ስለ እነሱ ሲነሳ "እንዴት ያሉ ደጋግ ሰዎች" ይባላል። እኔ እንደዚያ አልልም። አንቱ እያልኩ የምጽፈውም ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አክብሬያቸው አይደለም።

ቤታችን ጉለሌ ነው። ከሽሮ ሜዳ መንገድ ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል። እናትና አባታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ሥራው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል፤ በዚያ ገንዘብ እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሰኝ። "ተማሪው" ይለኛል፤ ሰው ፊት ሲሆን በኩራት፣ ለብቻችን ሲሆን በፌዝ።

ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ከዚያ ፊቱ። ሆስፒታል ስንሄድ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አሉ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

"ተምረሃል አይደል?"

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።"

"እንግዲያው ጻፍ።"

በባዮሎጂ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ጨው የለም። ብርቱካንና ሙዝ የለም። ፈሳሽ በቀን ከአንድ የቢራ ጠርሙስ አይበልጥም፤ ሻዩም ሾርባውም ከዚያው ላይ ይታሰባል። ውኃው መውጫ ስለሌለው ሳንባው ላይ ይወጣል፣ ያፍነዋል አለ። እንደሚድን አልነገረኝም። "ከተጠነቀቅክ ወራት አሉት። ካልተጠነቀቅክ ሳምንታት" ብሎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። እኔ እነዚያን ወራት ፈለግኋቸው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አንድ የቢራ ጠርሙስ አጥቤ ጎኑ ላይ አራት ቦታ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ጠዋት አንድ መስመር፣ ቀትር ላይ አንድ፣ አመሻሽ ላይ አንድ፣ ሊተኛ ሲል አንድ። ትምህርቴ የጠዋት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት የሚጠጣውን ሰጥቼው እሄዳለሁ። ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። የውኃ እንስራውን ደግሞ ጎረቤት አስቀመጥኩት። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ሳልደብቅ ነግሬው ነበር፤ ወንድሜ ይህን ሲያይ "ተማሪው" ማለቱን ትቶ "ዶክተሩ" ይለኝ ጀመር።

እንግዲህ ኮሚቴው የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አይናገሩም። ሁለተኛዋ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነበር የምንላቸው። ሦስተኛው ዳቦ ቤት የሚሠሩ ወፍራም ሰውዬ ናቸው፤ ሌሊት ሲጋግሩ ስለሚያድሩ እኛ ቤት እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ሰብሳቢው ተነሥተው ቆሙ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ጉልበታቸው የወንድሜን አልጋ ነካ።

"እንግዲህ ጓዶች..." አሉና ቆም አሉ። "ማለቴ፣ ወንድሞችና እኅቶች። ጸሎት አድርሰን ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን።"

ዋናው ጉዳይ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቅሁም። ከጸሎቱ በኋላ ስለ ስኳር ተወራ። በኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ ማን ማንን እንደቀደመ ተወራ። እትዬ ስለ ድርና ማግ መወደድ አወሩ። ዳቦ ጋጋሪው አንኮራፉ። ልክ ሊሄዱ ሲሉ ነው በሽተኛው ትዝ ያላቸው።

"እንዴት ወፈርክ በሞቴ!" አሉ እትዬ፣ የወንድሜን ያበጠ ጉንጭ እየነካኩ። "የዛሬ ሁለት ወር እኮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይህ አጥንትህ ነበር የቀረው። ተመችቶሃል!"

"ፊቱም በርቷል" አሉ ሰብሳቢው።

ወንድሜ ሳቀ። "ዶክተሬ ቀልቦኝ ነው" አለ ወደኔ እያየ።

እብጠት ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ሰው ፊት ሲሆን ቃል ይያዝብኛል። እነሱ ደግሞ የሰው ፊት ሲያብጥ ጠገበ የሚሉ ሰዎች ናቸው። የታመመ ለመጠየቅ ተመርጠው፣ በሽተኛን ከጤነኛ የማይለዩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠበል ይዘው መጡ። እትዬ ናቸው ያመጡት፤ ከእንጦጦ፣ ሰዎች ገና ጨለማ ሳለ ተነሥተው ከሚወጡለት ምንጭ። ጀሪካኑን ከወገባቸው ፈትተው ጣሳ ጠየቁኝ። እኔ ራሴ አቀበልኳቸው። ይህን አልደብቅም። ጣሳውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት፣ መቀመጫም እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። በሥላሴ ስም ብለው አንድ ጣሳ አጠጡት። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጠጣው። ከአገጩ ላይ የተንጠባጠበውን በመዳፉ ሰብስቦ ላሰው። በእኔ ጠርሙስ ሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ቁጭታ ጨረሰ።

ማታውን ትንፋሹ አጠረ። ትራስ ደራርቤለት ቁጭ እንዳለ ነጋ።

ማክሰኞ ሲመጡ ተዘጋጅቼ ነበር። ደብተሬን ይዣለሁ። የምናገረውን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሆኜ አጥንቼዋለሁ። እትዬ ጣሳውን ሲሞሉ እጃቸውን ያዝኩ።

"ምን ሆነሃል ልጄ?" አሉ ሰብሳቢው።

"እ... ሐኪሙ... ውኃ በልክ ነው ያለው።"

"ትክክል ብሏል። ውኃ አትስጠው።"

"አይ፣ ይሄ..."

"ይሄ ጠበል ነው።"

"ጠበሉም እኮ... ማለቴ... ሆድ ውስጥ ሲገባ..."

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሲገባ ምን ይሆናል? ውኃ ይሆናል ልትል ነው? በል እንጂ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ። ፊታችን ቁመህ ጠበል ውኃ ነው በል።"

ዳቦ ጋጋሪው ነቁ። "ማነው ጠበል ውኃ ነው ያለው?"

"ማንም አላለም ጋሼ፤ ይተኙ" አለ ወንድሜ ከአልጋው።

እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። እኔ የእትዬን እጅ ለቀቅኩ። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ፤ ሰው እንዲህ ዓይነት መልስ የሚያገኘው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ግን ጠበል ውኃ ነው ካልኩ ክጃለሁ፣ ውኃ አይደለም ካልኩ ወንድሜ ይጠጣል። ሰብሳቢው እንደ ስብሰባ ውሳኔ አድርገው ዘጉት።

"ውኃው እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በልክ ይሁን። ጠበል አይቆጠርም።"

ሦስት ጣሳ ጠጣ። ሲወጡ ወንድሜ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ "ዶክተሩ ተሸነፈ" አለኝ። ከንፈሩ ረጥቦ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ያ ደስታው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አናደደኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ጋ ሄድኩ። እሳቸውንም አልወዳቸውም ነበር። ቤታችን ሲመጡ ከበሩ ሳያልፉ መስቀል አሳልመው የሚሄዱ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ቆመው ሰሙኝ። ሰው እየመጣ መስቀል ሲሳለም እኔን በእጃቸው ያዝ አድርገው አቆዩኝ። ቃል ሲያዝብኝም አልጨረሱልኝም።

"ስንት ነው የሚያጠጡት?"

"ሦስት ጣሳ፣ አባ።"

"ሦስት? እኔ ጤነኛው አንድ ጣሳ ስጠጣ ሆዴ ይነፋል።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፊቱንና ደረቱን ይታሸው። ለጠበል ይሄም ይበቃዋል። አያጠጡት። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ነገሯቸውም። ማክሰኞ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ለበላይ አካል ከሰስከን" አሉ ሰብሳቢው። "ለወንድምህ ብለን በፈቃዳችን የምንደክመውን። መጀመሪያ ከእኛ ጋር መወያየት ነበረብህ። አሠራር አለ።"

"ይቅርታ ጋሼ።"

"ይቅርታ ብቻ አይበቃም፤ ግን ይሁን።"

ጣታቸውን በጠበሉ እየነከሩ የወንድሜን ግንባር ዳሰሱ። ወንድሜ ጀሪካኑን እያየ ምራቁን ይውጣል። እትዬ ያን ቀን ስለ ስኳርም ስለ ድርም አላወሩም። ሲወጡ የወንድሜን እጅ ይዘው ጎንበስ ብለው ቆዩ። እየሳሙት መስሎኝ ነበር።

ሲሄዱ ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ሰዎቼን አባረርክብኝ።"

"አላባረርኳቸውም። መጥተው የለ እንዴ?"

"ባዶ እጃቸውን መጥተው ምን ያደርጉልኛል? ስለ ስኳር ሊያወሩልኝ?" ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ "አንተ ጥማቱን አታውቀውም" አለ። "ምላሴ ጎማ ሆኗል። ጎማ ቀምሰህ ታውቃለህ? እኔ ቀምሻለሁ። እሱን ነው የሚለኝ።"

ሁለት ቀን አላናገረኝም። እኔ ግን ተደስቼ ነበር። በዚያ ሳምንት እብጠቱ ቀነሰ፤ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ታየ። ጠዋት ጠዋት እያየሁት እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ እነዚያ ሦስት ሰዎች አስባለሁ። አሸነፍኳቸው እላለሁ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ኮሚቴ ይበልጣል እላለሁ። ለወንድሜ የምጨነቀውን ያህል እነሱ በመሸነፋቸው እደሰት ነበር፤ ይሄም መጻፍ አለበት።

ከዚያ እብጠቱ ተመለሰ።

አልገባኝም። ጠርሙሱ ተቆልፎበታል፣ መስመሩ መስመር ነው። ኮሚቴው ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፣ እኔ እያየሁ ግንባሩን ዳስሰው ይሄዳሉ። ምናልባት ወጡ ውስጥ ያለው ውኃ ይሆናል አልኩ። ወጡን አደረቅሁት። አልቀነሰም። ከሻዩ ነው አልኩ፤ ሻዩን ከለከልኩት። አልቀነሰም። በመጨረሻ ከጠርሙሱ ላይ አንዱን ፕላስተር ላጥኩ። አራት የነበረው ሦስት መስመር ሆነ።

"ያቺን አንዷን መልስልኝ" አለ።

"አልመልስም።"

"ዶክተር፣ በእናታችን።"

"እያበጥክ ነው ወንድም ጋሼ። አታይም?"

"አያለሁ።" ከዚያ ሳቀ። "እሺ ዶክተር። እሺ።"

በዚያን ጊዜ እንዴት እንደዚያ ቀለል አድርጎ እንደሳቀ ገረመኝ። የለመደው መሰለኝ። ጥማት የሚለመድ ነገር መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትንፋሹ እምቢ አለ። ጎረቤቶች አዝለውት እስከ አስፋልቱ አወጡት፤ በታክሲ ሆስፒታል ደረስን። ያው ሐኪም ነበር። ደረቱን አዳመጠና "ሞልቷል" አለ። "ስንት ነበር የሚጠጣው?"

ደብተሬን ከፍቼ አሳየሁት። እያንዳንዱ ቀን ተጽፏል። ሐኪሙ ደብተሩን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ምንም ሳይል መለሰልኝ። ዋሽቼ የጻፍኩ መስሎት ነው አልኩ። ወንድሜ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። ኮሚቴው ሙሉውን መጣ። ሰብሳቢው በሰልስቱ ዕለት ተነሥተው፣ ኮሚቴያቸው በሟቹ አልጋ አጠገብ አንድም ሳምንት ሳያጓድል መገኘቱን፣ ሟቹም በእነሱ መምጣት እጅግ ይጽናና እንደነበር ተናገሩ። ሰው ሁሉ "እግዜር ይስጣችሁ" አለ። ዳቦ ጋጋሪው አለቀሱ፤ እንባቸው እውነተኛ ነበር። አንድ ቀን ነቅተው ያላዩትን ሰው ነው ያለቀሱለት ብዬ ናቅኋቸው። ለእነሱ ንፍሮ እያቀረብኩ፣ ጎንበስ እያልኩ፣ በልቤ ግን አንድ በአንድ እሰድባቸው ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ባለው ሳምንት እትዬ ብቻቸውን መጡ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ገና ትምህርት ቤት መሄድ አልጀመርኩም። በሩን ሳያንኳኩ ከፍተው ሲገቡ አልጋው ላይ ተቀምጬ አገኙኝና ደነገጡ። ከዚያ በርጩማውን ራሳቸው አንሥተው፣ ከየት እንደሚነሣ አውቀው፣ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ የምነግርህ አለኝ።"

ከአልጋው ሳልነሣ አየኋቸው።

"ጠዋት ጠዋት እመጣ ነበር። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ።"

"መቼ?"

"አባ ከተናገሩን በኋላ። ያን ማክሰኞ ስንወጣ እጄን ይዞ በጆሮዬ፣ 'እትዬ በማርያም፣ ጠዋት ብቻዎን ይምጡ' አለኝ። ሳምንት ያህል እምቢ ብዬው ነበር።"

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ከገባኝ በኋላም የመጣልኝ ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ ነበር።

"ጠበል ይዘው?"

"ኧረ ጠበልማ አባ ከልክለዋል!" ተቆጡ። የምር ተቆጡ። "የንስሐ አባቴን ቃል ላፈርስ? ከቦኖው ነው። የቧንቧ ውኃ።"

እንዲህ ናቸው። ጠበል ውኃ አይደለምና አይቆጠርም ብለው አጠጡት፤ ጠበል ሲከለከል ደግሞ የተከለከለው ጠበል ነው ብለው ውኃ አመጡለት። ይህን አስቤ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ ስለ ውኃ የተናገረው፣ እኔ ደብተር ሙሉ የጻፍኩት፣ ቁልፉ፣ ፕላስተሩ...

"እርስዎ..." አልኩ። "እርስዎ ነዎት... እርስዎ..."

ጨርሼ አልተናገርኩትም። እሳቸው ግን ቃሉን ከአፌ አልጠበቁም።

"አውቃለሁ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ወንድምህ ነግሮኛል። ቢጠጣ ሳምንት፣ ባይጠጣ ወር። 'ተማሪው ወር ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ውኃ እፈልጋለሁ' አለኝ። ለአንተ እንዳልነግር አስማለኝ። ምን ላድርግ ልጄ? አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምላሱ ተሰነጣጥቆ እያየሁ ስለ ስኳር ላውራ?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላዋቂ ናቸው ብዬ ነበር የምንቃቸው። አላዋቂን መናቅ ቀላል ነው። እኚህ ግን አውቀው ነው ያጠጡት። ነጠላ ለብሰው፣ ጣሳ ይዘው፣ ወሩን በውኃ የለወጡት አውቀው ነው። ማን ፈቀደላቸው? ወንድሜ ነው የፈቀደላቸው። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ማንም።

"ይቅር በለኝ" አሉ።

አላልኩም። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት" ማለት ይቻል ነበር፤ እሱንም አላልኩም። ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ የኖርኩ ሰው ያን ጊዜ የወጣኝ ሌላ ነገር ነው።

"ጠግቦ ያውቃል?"

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐሙስ ዕለት። ሁልጊዜ ይጨምሩልኝ ነበር የሚለኝ። ሐሙስ ግን ጣሳውን ራሱ መለሰልኝ። 'በቃኝ እትዬ' አለኝ። ግማሹ ጣሳው ውስጥ ቀርቶ።"

በቃኝ ሲል እኔ ሰምቼው አላውቅም። ከታመመ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ።

ሲነሡ ቢያንስ እስከ አስፋልቱ መሸኘት ነበረብኝ። አልሸኘሁም። በሩ ሳይዘጋ ቀረ፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የነጠላቸው ጥለት ብቻ ይታየኝ ነበር።

ኮሚቴው አሁንም አለ። ማክሰኞና ዓርብ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ ሰብሳቢው ከፊት፣ ዳቦ ጋጋሪው እያዛጉ ከኋላ። ለእነዚያ ሁለቱ ያለኝ ጥላቻ አልተለወጠም፤ ሰላምታቸውን አልመልስም። ከእትዬ ጋር ስንገናኝ ግን ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ እሳቸው ንቆኝ ነው ብለው ያስቡ ይሆናል። ነገሩ ሌላ ነው። ያቺን አንዷን መስመር መልስልኝ ብሎ በእናታችን የለመነኝ ያን ሐሙስ ጠዋት ነው። እምቢ ብዬው ጠርሙሱን ቆልፌበት ነው የወጣሁት። እሳቸው ሲገቡ ስለ እኔ የነገራቸው ነገር ይኖራል። ምን እንዳላቸው መጠየቅ እፈራለሁ።